ናይሮቢ ላይ ውሃ ቀድሞ ይፈላል

ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ፣ ኢስሊ ሳይደርሱ፣ ፑምዋኒ ይገኛል። ከ1926 ጀምሮ እናቶችን ሲያዋልድ የኖረው የፑምዋኒ ሆስፒታል ያለው እዚህ ነው፤ ማጄንጎ የሚባለው የተጨናነቀ ሰፈርም እዚሁ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1985 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በማጄንጎ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን መዝግበው በየጊዜው መመርመርና ማከም ጀመሩ። ሴቶቹን በማደራጀት ኬንያዊቷ ነርስ፣ ኋላ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤልዛቤት ንጉጊ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ካናዳዊው ሐኪም ፍራንክ ፕለመርና ባልደረቦቻቸው ከሴቶቹ ጥቂቶቹ ለኤችአይቪ በተደጋጋሚ ተጋልጠው ሳይያዙ ዓመታት መቆየታቸውን ሲያስተውሉ የማጄንጎ ስም በዓለም ተሰማ።

ስለነዚያ ሴቶች ደም ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚስበኝ ግን ከደሙ ይልቅ ብረቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ከደም ሌላ ከማህፀን በር ናሙና ይወስዱ ነበር፤ ያ ናሙና ደግሞ ያለ ስፔኩለም አይወሰድም። አንዲት ሴት ከምርመራ አልጋው ወርዳ ሌላዋ እስክትወጣ ድረስ በመሣሪያው ላይ የሚሆነው ነገር በሳይንስ መጽሔት ርዕስ አይሆንም። ለሴቲቱ ጤና ግን ከሐኪሙ ዓይን ያላነሰ ይወስናል።

ስፔኩለም ቀላል ነገር ነው። ሁለት ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶች፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ መያዣ፣ ሲከፈት ባለበት የሚያቆመው ብሎን። ሥራው የብልትን ግድግዳ ገለጥ አድርጎ የማህፀንን በር ለዓይን ማሳየት ብቻ ነው። ይህ ማየት በኬንያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በ2020 ግምት መሠረት በአገሪቱ በዓመት ከ5,000 በላይ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ይገኝባቸዋል፣ ከ3,000 በላይ ይሞታሉ። በሽታው ግን ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ምልክት ይሰጣል። ነርሷ የማህፀኑን በር አቼቶን በሚያክል ቀጭን አሲድ ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፣ የተለወጠው ሥጋ ነጥቶ ይታያል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ስለሚሆን ምርመራውን ቶሎ ቶሎ ያደርጋሉ። በስፔኩለም ደጋግመው የሚታዩት፣ በደንብ ያልታጠበ መሣሪያ የሚከፋባቸውም፣ እነሱው ናቸው።

መሣሪያው አሮጌ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው የሮማ ከተማ ከፖምፔይ ብሎን ያለው ስፔኩለም ተቆፍሮ ወጥቷል። የኋላ ታሪኩ ግን አያኮራም። በ1840ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ በአላባማ በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ እየቀደደ ፌስቱላ የሚጠገንበትን መንገድ አገኘ፤ በስሙ የሚጠራውን ስፔኩለምም መጀመሪያ ከታጠፈ የማንኪያ እጀታ ሠራ። ከሴቶቹ በስም የሚታወቁት ሦስቱ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ናቸው። ኒው ዮርክ ለሲምስ ቆሞ የነበረው ሐውልት ከቦታው የተነሣው በ2018 ነው። በአዲስ አበባው የሐምሊን ሆስፒታል በሺህ የሚቆጠሩ እናቶች የዳኑበት ቀዶ ሕክምና ሥሩ እዚያ መሆኑ የሚከነክን እውነት ነው። በእንግሊዝም ከ1864 እስከ 1886 በጸና ሕግ ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራትን ሴት አስገድዶ በዚሁ መሣሪያ ያስመረምር ነበር። ዛሬም ሴቶች ስፔኩለም ሲባል ገና ሳያዩት ቢሸማቀቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ማጠቢያው ክፍል እንመለስ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኧርል ስፖልዲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሕክምና መሣሪያዎችን በሚነኩት የሰውነት ክፍል መሠረት በሦስት ከፈላቸው፤ የሆስፒታል ሥርዓቶች እስካሁን የሚመሩት በዚያ ነው። ሥጋ ቆርጦ ወይም ደም ሥር ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ምንም ሕይወት ያለው ነገር ሊኖርበት አይገባም፤ መምከን አለበት። ጤነኛ ቆዳን ብቻ የሚነካ፣ እንደ ደም ግፊት መለኪያ ያለው፣ መጠረግ ይበቃዋል። ስፔኩለም በመሀል ነው። የሚነካው ስስና እርጥብ ገጽ ስለሆነ ቢመክን ይመረጣል፤ ካልሆነም ግትር ከሆኑት የባክቴሪያ ስፖሮች በቀር ሁሉንም ጀርም በሚገድል መንገድ መዘጋጀት አለበት። ይህ «መሀል» ነው ችግር የፈጠረው። ባለሙያው «ቀዶ ሕክምና አይደለም እኮ» ብሎ ለመዘናጋት በቂ ክፍተት ያገኝበታል። ከዚያው ትሪ ላይ ለባዮፕሲ ሥጋ የሚቆነጥረው መቆንጠጫ ደግሞ ያለ ጥርጥር ከመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሳፋ ዘፍዝፎ በአንድ ሕግ ማስተዳደር አይቻልም።

በምሥራቅ አፍሪካ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት የሠለጠኑ ነርሶች በቃላቸው የሚያውቁት አንድ ሥርዓት አለ፤ መሣሪያውን እንደተጠቀሙበት 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ማጠብ። ናይሮቢ ላይ ክሎሪን ማለት ጂክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በረኪና። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ጂክ 3.5 በመቶ ሆኖ ሲመጣ አንድ እጅ ጂክ ከስድስት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ 5 በመቶ የሆነው በረኪና ግን አንድ ለዘጠኝ ነው። አዲስ አበባ የተማረች ነርስ ናይሮቢ ሄዳ ጂኩን በለመደችው አንድ ለዘጠኝ ብትበጠብጠው 0.35 በመቶ ታገኛለች፤ ሽታው ያው ነው፣ ኃይሉ ግን ከታሰበው ሲሶ ያህል ጎድሏል። ከጠርሙሱ ላይ ማንበብ እንጂ መልመድ አይረዳም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ይህን የቅድሚያ ክሎሪን መንከር አይደግፈውም። ብዙ አንጋፋ ነርሶች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ምክንያቱ ግን ጠንካራ ነው። ደምና ፈሳሽ ባለበት ክሎሪን ኃይሉን እዚያው ላይ ይጨርሳል፣ ቆሻሻውንም ድስት ላይ እንደ ደረቀ እንቁላል ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚህ የባሰው ብረቱን መብላቱ ነው። የማይዝግ የምንለው ብረት የማይዝገው ላዩን በዓይን የማይታይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ስላለው ነው፤ ክሎሪን ያንን ሽፋን ይሸነቁራል። ሰው ሥራ በዝቶበት ለሰዓታት የረሳው ስፔኩለም ማጠፊያው አካባቢ ትናንሽ ጉድጓዶች ያበጃል፣ ብሎኑ ይይዛል፣ ጉድጓዱም ለሚቀጥለው ቆሻሻ መሸሸጊያ ይሆናል። አሁን የሚመከረው መሣሪያው እንዳይደርቅ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ወይም በውሃ ማርጠብ፣ ከዚያ ወፍራም ጓንት፣ ሽርጥና የዓይን መከላከያ አድርጎ ማጠብ ነው።

ማጠቡ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው ቢባል አልተጋነነም። ስፔኩለሙ ይከፈታል፣ የሚፈታ ከሆነ ይፈታል፣ በፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ከውሃው በታች እንደተጠለቀ ይፈተጋል፤ ከውሃ በላይ ሲፈተግ ፊት ላይ ይረጫል። የኩሽና ዱቄት ሳሙናና የብረት ሱፍ ያብለጨልጩታል፣ ግን ይፍቁታል። መብለጭለጭ ራሱ ምስክር አይሆንም፤ ማስረጃው ማጠፊያው ነው። ንጹሕ ጨርቅ በማጠፊያው አልፎ ቡናማ ምልክት ይዞ ከወጣ መሣሪያው አልታጠበም፣ ያልታጠበ መሣሪያ ደግሞ በእንፋሎትም በኬሚካልም አይመክንም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅና ማድረቅ። እርጥብ ሆኖ ኬሚካል ውስጥ የገባ ብረት ኬሚካሉን ያቀጥነዋል።

መሣሪያን በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ አውቶክሌቭ፣ የሌለው ትንሽ ክሊኒክ የሚያፈላው ውሃ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል 1,795 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ሞምባሳ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ፣ 2,355 ሜትር ላይ፣ 92 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ማፍላት ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። የሚመከረው 20 ደቂቃ ይህን የከፍታ ልዩነት ጭምር አስቦ የተቀመጠ ነው። ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ቢም ተራ ባክቴሪያም በ94 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አይቆሙም። ነገር ግን 20 ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው፤ መሣሪያዎቹ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለባቸው፤ መሀል ላይ አንድ ተጨማሪ ስፔኩለም ከተጣለበት ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስፖርን ግን ሞምባሳም ሆነ ናይሮቢ የሚፈላ ውሃ አይገድለውም። ለስፔኩለም ማፍላት ይበቃል፣ ለሚቆርጥ መሣሪያ አይበቃም።

ከፍታው እውነተኛ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው በማይጠረጥረው ቦታ ነው፤ አውቶክሌቩ ላይ። በብዙ መመሪያዎች ላይ የሚገኘው ትእዛዝ «15 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ 121 ዲግሪ፣ የተጠቀለለ ከሆነ 30 ደቂቃ» ይላል። ይህ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ተራው የግፊት መለኪያ የሚያነበው በማሽኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ የናይሮቢ የውጭ አየር ደግሞ ስስ ነው። መርፌው 15 ላይ ሲቆም ናይሮቢ ላይ ውስጥ ያለው እንፋሎት 118 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 117። ሦስት አራት ዲግሪ ምን አላት የሚል ሰው የስፖርን ጠባይ አያውቅም። እንፋሎቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ እኩል ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በ118 ዲግሪ ያለፈ አንድ ደቂቃ በ121 ካለፈው ደቂቃ ግማሹን ብቻ ይሠራል። ናይሮቢ ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ መርፌው ወደ 18 መጠጋት አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ 18ን አልፎ ወደ 19። ማሽኑ ያን ያህል ግፊት እንዲችል መሠራቱን የሠሪው መመሪያ መናገር አለበት፤ ካልቻለ ሰዓቱን ማርዘም እንጂ ቫልቩን በእጅ መያዝ አይገባም። የተሻለው መንገድ ግፊቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ዘመናዊ ማሽኖች ሙቀቱን ራሳቸው ይለካሉ፤ ምድጃ ላይ የሚጣደው የድሮው ዓይነት ግን ዛሬም በትናንሽ ክሊኒኮች ይሠራል፣ ችግሩም ያለው እሱ ላይ ነው።

አየርም ሌላ ጠላት ነው። ማሽኑ ውስጥ የቀረ አየር ከእንፋሎቱ ጋር ተደባልቆ ግፊቱን ይሞላል፣ ሙቀቱን ግን አይሰጥም። ጥቅሎች ተጨናንቀው ሲገቡ፣ ስፔኩለሙ ተዘግቶ ሲጠቀለል፣ አየሩ እዚያው ይታሸጋል። ስለዚህ ተከፍቶ፣ በድርብ ጨርቅ ላላ ብሎ ተጠቅልሎ፣ ጎን ለጎን ክፍተት ተትቶለት ይገባል። ሲወጣ ደርቆ መውጣት አለበት፤ እርጥብ ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ ጀርም ወደ ውስጥ ይስባልና እንዳልመከነ ይቆጠራል። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር መስመሩ ሲጠቁር ብዙ ሰው ልቡ ያርፋል፤ ፕላስተሩ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት እንዳየ ብቻ ነው። በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ መቆየቱን የሚመሰክረው ሕያው ስፖር የያዘ የፍተሻ ጠርሙስ ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከጥቅሎቹ መሀል ገብቶ ከወጣ በኋላ ሕይወት ማሳየት አለማሳየቱ ይታያል።

ናይሮቢ ላይ ከዚህ ሁሉ በፊት ውሃና መብራት ይጠየቃሉ። የከተማዋ ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከአበርዴር ተራሮች ሥር ካለው የንዳካይኒ ግድብ ነው፤ በፈረቃ ለሰፈሮች ይታደላል። ፈረቃው ያለፈበት ክሊኒክ የጉድጓድ ውሃ ይገዛል፤ የናይሮቢ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ማሽኑ ውስጥ ነጭ ድንጋይ፣ መሣሪያው ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ለአውቶክሌቩ የተጣራ ውሃ መጠቀም ቅንጦት አይደለም። መብራትን በተመለከተ በነሐሴ 2023 መገባደጃ ላይ ኬንያን በሙሉ ያጨለመው መቋረጥ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሳይቀር ስለነካ በዜና ተወራ። በየክሊኒኩ በ20ኛው ደቂቃ የቆመ አውቶክሌቭ ግን ዜና አይሆንም። ሕጉ አንድ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ የቀረው 10 ደቂቃ አይጨመርለትም፣ ሙሉው ዙር እንደገና ይጀመራል።

«ታዲያ ለምን በኬሚካል አንጨርሰውም?» ይባላል። ግሉታራልዴሃይድ የተባለው ፈሳሽ ለዚህ ሲያገለግል ኖሯል። በ2014 የፔንሲልቬኒያ ተመራማሪዎች የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ለዚህ ኬሚካል ሲያጋልጡት ቫይረሱ አልሞተም። ኤችአይቪ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ሳሙናም ያፈርሰዋል፤ ፓፒሎማው ግን ሽፋን የለውም፣ አልኮልም አይበግረውም። ላቦራቶሪ ውስጥ መቆየቱ ከስፔኩለም ወደ ሴት በተግባር ይተላለፋል ማለት አይደለም፤ በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ሆኖም ይህን ቫይረስ ለመፈለግ የምናስገባው መሣሪያ እሱን በማይነካ ፈሳሽ ተነክሮ መምጣቱ ለእኔ ተቀባይነት የለውም። እንፋሎት ካለ እንፋሎት ይቅደም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ከአንድ ቀላል ሒሳብ ጋር ሲጋጭ ይፈርሳል። አንድ ክሊኒክ 10 ስፔኩለም አለው እንበል፣ በቀን 30 ሴቶች ይመጣሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ጊዜ መዞር አለበት። ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ መጠቅለሉ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ፣ 30 ደቂቃው፣ መድረቁና መቀዝቀዙ ሲደመር አንድ ዙር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11ኛዋ ሴት ሁለት ሰዓት ትጠብቃለች፣ 21ኛዋ አራት። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ልጅ ያዘሉ እናቶች እያየች 30 ደቂቃውን ወደ 15፣ ዙሩን ወደ ክሎሪን ሳፋ ብታወርደው የሥነ ምግባር ጉድለት ብለን እንከሳታለን። ጉድለቱ ግን ያለው ግዢ ክፍል ነው። 20 ስፔኩለም ቢጨመር፣ ያው ማሽን፣ ያችው ነርስ፣ ያው ውሃ ቀኑን ሙሉ ያለ ግርግር ይበቃሉ፤ የቀኑ መሣሪያ ማታ ተጠራቅሞ ይመክናል። በጥር ወር፣ በማህፀን በር ካንሰር ግንዛቤ ወር፣ በድንኳን የሚደረጉ ነጻ ምርመራዎች ላይ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። አዘጋጁ ባነሩን ከማሠራቱ በፊት በጥቅል ያለውን ስፔኩለም ቢቆጥር፣ የሚጠራውንም ሰው በዚያ ቢለካ ደስ ይለኛል።

ፕላስቲኩ መፍትሔ አይሆንም ወይ ለሚል፣ ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ። ውሃ ለቀናት በማይመጣበት ክሊኒክ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል ከክፉ እጥበት ይሻላል። ነገር ግን በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት በከለከለችው ኬንያ፣ ዳንዶራን የሚያህል የቆሻሻ ተራራ ባላት ከተማ፣ በቀን ስንት ስፔኩለም የት እንደሚቃጠል ማሰብም ግድ ነው። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ብረቱ ጥቂት ጊዜ እንዳገለገለ ከፕላስቲኩ ያነሰ የካርቦን ጋዝ ዕዳ እንደሚኖረው አሳይቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራውን ፕላስቲክ አጥቦ መድገም። እንፋሎት ያጣምመዋል፣ ክሎሪን ያሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ሥጋ ይቆነጥጣል።

አልጋው ላይ ያለችው ሴትም የምታየው ነገር አለ። ኢስሊ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙ ጊዜ ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ሳይሞላላቸው ክሊኒክ ይሄዳሉ፤ «ሲስተር» የሚለው መጥሪያ ግን በሁለቱም አገር ይሠራል። «ሲስተር፣ ጥቅሉን እኔ እያየሁ ይክፈቱልኝ» ማለት ስድብ አይደለም፤ በአስተርጓሚም በእጅ ምልክትም ይባላል። ደረቅና የታሸገ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከሳፋ ውሃ እየተንጠባጠበ ከወጣ መጠየቅ ይገባል። መሣሪያው በትንሹም በትልቁም ልክ ይመጣል፣ ወልዳ ለማታውቅ ሴት ትንሹ ይበቃል። ቀዝቃዛ ብረት ጡንቻን ያኮማትራል፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ለናሙናው የማያስቸግር ከሆነም ማለስለሻ መቀባት፣ ሕመሙን ይቀንሰዋል። ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት ከማህፀን በር መላቀቅ አለበት፤ አለዚያ ቆንጥጦ ይወጣል። ብሎኑ የላላ ስፔኩለም በመሀል ተንሸራቶ ስለሚዘጋ ከመጠቅለሉ በፊት ከፍቶ ዘግቶ መሞከር የማጠቢያው ክፍል ሥራ ነው።

አሁን ሴቲቱ ራሷ በጥጥ እንጨት ናሙና ወስዳ ለቫይረስ ምርመራ የምትሰጥበት መንገድ እየሰፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይደግፈዋል፤ እስከ 2030 ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ያቀደው በዚህ ዓይነት ምርመራ ነው። ቫይረሱ ያልተገኘባት ሴት ስፔኩለም ሳታይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የተገኘባት ግን ትመለሳለች፤ የማህፀኗ በር ይታያል፣ የተለወጠው ሥጋ በሙቀት መሣሪያ ይተኮሳል። ያን ጊዜ ክሊኒኩ ብዙ ስፔኩለም ላያስፈልገው ይችላል፤ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ግን ሁሉም ቫይረሱ ያለባቸውን ሴቶች የሚነኩ ይሆናሉ፣ አውቶክሌቩም ያኔ በእርግጥ 121 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታል።